በቦርድ የወጣው ሰው

አሥራት እኛ ቤት የመጣው በቦርድ ወጥቶ ነው። የሚባለው እንደዚያ ነበር። እናቴ ራዲያ ለጎረቤት ስታስረዳ "የአክመል ጓደኛ ነው፤ በቦርድ የወጣ" ትላለች፣ ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እኔም አብሬ እመጥጣለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ በቦርድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉም አብልጬ የማውቀው እኔ ነኝ። ቲቸር ዱባለ "ኑሃ፣ ቦርድ" ይላል። ትወጫለሽ። ጠመኔ ይሰጥሻል። አታውቂውም። እሱ ጆሮሽን በሁለት ጣቱ ይዞ እስክታውቂው ድረስ ይጠብቃል፤ ቸኩሎ አያውቅም። በኦሮምኛ ሲቆጣ "ገበቴ" ነው የሚለው፣ በአማርኛ ሲቆጣ "ቦርድ"። ገበቴ ሲል ብዙም አልፈራም፤ ገበቴ እኛም ቤት አለ፣ ሊጥ ይቦካበታል። ቦርድ ግን ሌላ ነው።

የአሥራት ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች አልነበረም። በምን እንዳጣው አልጠየቅሁም። ጠመኔ የሚያዘው በቀኝ ነው መቼም።

ቁስለኛ ወታደርን መርምሮ ከጦሩ የሚያሰናብት የሐኪሞች ቦርድ እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሚያውቁትን ነገር ደግሞ ማን ይጠይቃል?

አክመል የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ባድመ ዘምቶ አልተመለሰም፤ የተመለሰው ሻንጣው ነው፤ ሻንጣውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ያመጣው አሥራት። አባቴ አህመድ፣ ቡራዩ ውስጥ፣ የአምቦ መንገድ ዳር፣ የግንባታ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሻንጣውን ተቀበለና ያመጣውን ሰው እንዳይሄድ ያዘው። "አንድ ሰው ላክሁ፣ አንድ ሰው መጣልኝ" አለ። ከመጋዘኑ ኋላ ያለችው ክፍል ተጠረገችለት፤ የአክመል ክፍል ነበረች። የአክመል ጫማም ልኩ ሆነ። እናቴ ይህንን አልወደደችውም፤ የሞተ ሰው ጫማ ልክ መሆን ጥሩ አይደለም አለች፤ አባቴ ግን ጫማውን ራሱ ቀለም ቀብቶ ሰጠው።

አሥራት በጦሩ ውስጥ መሐንዲስ ይባል ነበር። የጦር ሜዳ መሐንዲስ ፈንጂ ይቀብራል፣ ፈንጂ ያወጣል፣ ድልድይ ያፈርሳል። "እስካሁን የተማርኩት ማፍረሱን ነው፤ የመሥራቱ ክፍል ቀርቶኛል" ይል ነበር። የጦር ጉዳተኞችን ምህንድስና የሚያስተምር አንድ ቢሮ ነበር፤ የመግቢያ ፈተናውን ላለፈ፣ ሰበታ ባለ ኮሌጅ፣ በአዳሪነት። አሥራት ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አባቴ ጠረጴዛ ሊሠራለት ተነሣ፤ ሰፊ ጣውላ አለስልሶ፣ አንድ ጎኑን ከፍ አድርጎ፣ በሁለት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አጋደመው። ሊያስጠናው የተገኘው ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ የቡራዩ ሰው፣ ቲቸር ዱባለ ነው። አባቴ "ኦቦ ዱባለ" ብሎ ለምኖ አመጣው። ቲቸር ዱባለ ጣውላውን በእጁ ዳበሰና "ይሄማ ጥሩ ድሮዊንግ ቦርድ ነው" አለ።

እንግዲህ ቦርድ ቤታችን ድረስ ገባ ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በመጋዘኑ በር ቆሜ አያቸዋለሁ። አዲስ የተላገ ጣውላ፣ የተቀረጸ እርሳስና ሲሚንቶ ይሸታል። አሥራት ረጅሙን ማስመሪያ፣ ቲ-ስኩዌሩን፣ በጉቶ ክንዱ ተጭኖ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ በግራ እጁ መስመር ይስባል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ላጲስ። እንደገና። ቲቸር ዱባለ ጆሮውን አይነካም። እንግዳ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍሁት፤ ለኛ የሌለ ትዕግሥት ሁሉ ወዴት ይሄድ እንደነበር ያወቅሁት ግን ያኔ ነው።

ፈተናውን አለፈ። እናቴ እልል አለች፣ አባቴ ለስላሳ አስመጣ፣ ቲቸር ዱባለ ሁለት ጠጣ። ከዚያ ግን ወሬው እንደገና ቦርድ፣ ቦርድ ሆነ። ገና ሁለት ጊዜ ቦርድ ፊት መቅረብ አለበት ይላሉ፤ አንዴ የሐኪሞች፣ አንዴ የኮሌጁ። አንድ ማክሰኞ እናቴ ሸሚዙን ተኩሳለት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ለእናቴ በር ላይ ነግሯት መጋዘን ገብቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

እናቴ ወጥ እያማሰለች ለአባቴ የምትነግረውን ከመጋረጃው ኋላ ሰማሁ። ልብሱን አስወልቀው፣ ዙር፣ ጎንበስ በል፣ ጉቶህን አንሣ፣ እርሳስ ያዝ፣ ጣል፣ እያሉ አዋሉት። አንደኛው ሐኪም ስልክ እያወራ ነበር አሉ። አባቴ አቋርጦ ስንት እንደሰጡት ጠየቃት።

"አርባ በመቶ" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ አባቴ። "ስልሳ ቢሉት ኖሮ አበቃለት ነበር።"

እኔ በዚያው ሰሞን በሒሳብ አርባ አምስት አምጥቼ ግማሽ ቀን ተንበርክኬያለሁ። ያንበረከከኝ ይኸው አልሐምዱሊላህ የሚለው ሰውዬ ነው። የሚለካው የጎደለው እንጂ የቀረው እንዳልሆነ፣ ስልሳና ከዚያ በላይ የጎደለውን ሰው ቢሮው "አይችልም" ብሎ እንደሚመልሰው፣ በየትኛው ሒሳብ ልወቀው? አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። አሥራትን ሰው ፊት ልብስ አስወልቀው ቦርድ አስወጥተውታል፤ ወድቋል፤ ቤተሰቡም እንዳይከፋው ብሎ እንዳለፈ ያስመስላል።

ውሃ በጣሳ ይዤለት ገባሁ። ጠጣና ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ኑሃ፣ አንቺ ቦርድ ፊት ቆመሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"በየቀኑ" አልኩት።

አልሳቀም። "እኔ አንድ ቀርቶኛል። ባይጠሩኝ ብዬ እስክመኝ ድረስ ጠልቼዋለሁ" አለ።

ሰው የመረረው ቀን የማያስበውን እንደሚናገር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን አደራ የተቀበልኩ መሰለኝ።

የዚያን ሳምንት ምሳ ላይ አባቴ ለአሥራት ሥጋ እየገፋለት፣ ሰበታ ሄደህ አዳሪ ስትሆን እኔ ማንን እያየሁ ልብላ አለው፤ ደግሞ፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል፣ ምህንድስናው እዚሁ ሚስማር እየሸጡ አይሆንም ወይ አለ። ሳቀ። ከራሱ በቀር የሳቀ የለም። እናቴ "ተው አህመድ" አለች፤ አሥራት ደግሞ የተገፋለትን ሥጋ ሳይነካ ተነሣ።

የጥሪው ደብዳቤ የመጣው ሐሙስ ነው። ያመጣው እውነቱ የሚባለው የቀበሌው ተላላኪ ነው፤ ትልቁን የማስረከቢያ መዝገብ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ውሻችንን ከሩቅ እየተለማመጠ። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች፣ አባቴ ፊት ለፊት ሲሚንቶ ያስወርዳል፣ አሥራት ቲቸር ዱባለ ቤት ነው። እውነቱ እግሩን አሞት ነበር። ሦስት ጊዜ መመላለስ የሚችል ጉልበት እንደሌለው፣ የአሥራት ደብዳቤ መሆኑን፣ ቶሎ እንድሰጠው ነገረኝና መዝገቡን ከፍቶ ፈርሚለት አለኝ።

መፈረም ችሎታዬ ነበር። አሥራት የድሮ ፊርማው ከቀኝ እጁ ጋር ስለሄደ አዲስ ፊርማ መፍጠር ነበረበት፤ በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ጎን ለጎን ሆነን ስንለማመድ ከርመናል። አንድ ትልቅ አ፣ ከእግሯ ሥር እስከ መስመሩ መጨረሻ የሚሄድ ጭራ። የሱ ጭራ ይሰበራል፣ የኔ አይሰበርም። ደብዳቤው የሱ ነው፤ ስለዚህ የሱን ፊርማ ፈረምኩ። እውነቱ አላየም። ዓይኑ ውሻው ላይ ነበር።

ሲሄድ ፖስታውን ከፍቼ አነበብሁት። ብዙው ቃል ከብዶኝ ነበር፤ የሚያስፈልገኝን ግን አገኘሁ። ሚያዝያ 14 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቦርድ ፊት እንዲቀርቡ ይላል። ካልቀረቡ ተራዎ ለተጠባባቂ የሚተላለፍ መሆኑን ይላል።

ደግሜ አነበብሁት። በሦስተኛ ክፍል ከዚህ የበለጠ ምሕረት የለም። የቀረ ልጅ ስሙ ይጠራል፣ "የለም" ይባላል፣ ቲቸር ዱባለ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተራው ተላለፈ ማለት ነው። ያ ልጅ በማግስቱ ጆሮው ቀዝቃዛ ሆኖ ይመጣል።

አባቴ ሚስማር የሚጠቀልለው በአሮጌ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነበር፤ ከመርካቶ በኪሎ ያመጣዋል። ቅጽ ነው፣ የስብሰባ ጥሪ ነው፣ ማኅተም ያለበትም የሌለበትም። ክምሩ ሚዛኑ አጠገብ ነው። ደብዳቤውን ከላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ሱሉልታ ቤት የሚሠራ ሰው መጥቶ አንድ ኪሎ ባለ ስምንት ሚስማር ጠየቀ። አባቴ ከሰውየው ጋር ስለ ቆርቆሮ እየተከራከረ፣ እጁን ሰዶ የላይኛውን ወረቀት ሳበና አሽከረከረው። ሐምራዊው ማኅተም ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ሚስማሩ ተንኮሻኩሾ ገባ፤ አባቴ ጫፉን አጠፈ፤ ሰውየው ይዞት ሄደ።

ሚያዝያ 14 ጠዋት ራስ ምታት አለኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አሥራት ጣውላው ላይ ተደፍቶ የብሎን ሥዕል ይሠራ ነበር። የብሎኑን ጥርሶች አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ለራሱ እያንጎራጎረ። እጁ ከድሮው ረግቷል። እያየሁት ደስ አለኝ፤ መኪና ሳይገጨው እንዳለፈ ሰው ነበር የማየው። የሚመጣው ደብዳቤ ለምን እንደዘገየ ቲቸር ዱባለን ሲጠይቀውም ሰማሁ። ቲቸር ዱባለ መንግሥት እንደሚዘገይ፣ ግን እንደማይረሳ ነገረው።

ከዐሥር ቀን በኋላ አሥራት ራሱ ቢሮው ድረስ ሄደ። ቀኑ አልፏል፣ ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል፣ ደብዳቤው ደርሶህ ፈርመሃል አሉት።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ፍርድ ቤት ቆመ። አባቴ፣ እናቴ፣ ቲቸር ዱባለ፣ አሥራት፤ መሐል ላይ እውነቱ መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ። ቲቸር ዱባለ ቢሮው ያለውን ጮክ ብሎ ነገረ። ፊርማው የሐሰት ከሆነ ጥፋቱ የአድራሹ ነው፣ ለአሥራት ሌላ ቀን ይቆረጥለታል፣ ተላላኪው ከሥራ ይወጣል። ፊርማው የራሱ ከሆነ ግን ነገሩ ተዘግቷል። እውነቱ አምስት ልጆች ነበሩት። ላቡ ከቆቡ ሥር ይወርድ ነበር።

"ለዚች ልጅ ነው የሰጠኋት" አለ። "ኑሃ፣ አልሰጠሁሽም?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቲቸር ዱባለ ሲያየኝ ጆሮዬ ጋለ።

"አልሰጠኝም" አልኩ።

"የኔ ልጅ አትዋሽም" አለ አባቴ። "አንተ ግን ስምህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?"

እውነቱ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። አሥራት መዝገቡን ስጠኝ አለው። ከፍቶ ጣቱን እያስኬደ መስመሩን አገኘ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ከእኔ ዓይኑን አንሥቶ አባቴን አየ፤ እሱን ከእኔ የበለጠ ቆይቶ አየው።

"ፊርማው የኔ ነው" አለ።

አባቴ በትክክል ያልሰማ መስሎት ደግሞ ጠየቀው።

"የኔ ነው። ተቀብዬ ረስቼው ነው።" መዝገቡን ዘግቶ ለእውነቱ መለሰለት።

ቲቸር ዱባለ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግሮ፣ ቻው ሳይል፣ በሩን እንደተከፈተ ትቶ ወጣ። ሁለተኛ ቤታችን አልመጣም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እውነቱ የአሥራትን ግራ እጅ ይዞ ሊስም ሲል አሥራት እጁን ነጠቀው።

እኔን ደስታ ነበር የሞላኝ። ገብቶታል አልኩ። እኔ ደብዳቤውን አስወገድሁ፣ እሱ ደግሞ ፊርማውን የኔ ነው ብሎ በሩን ዘጋው፤ ሁለታችን ሆነን ከቦርድ አመለጥን። በዓይኑ እንዲጠቅሰኝ ጠበቅሁ። አልጠቀሰኝም። ሰው እያየ ስለሆነ ነው አልኩ።

ከእኛ ጋር መብላት ያቆመው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አባቴ ሳህን አስይዞ ይልከኛል፣ ሳህኑ እንደሞላ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ፍራሹንና አንድ ካርቶኑን ፒካፕ ላይ ጫነ። የአክመልን ጫማ አውልቆ፣ ክፍሉ በር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በሸራ ጫማ ወጣ። ፒካፑ ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ ሰበታም የሚኬደው በዚያው ስለሆነ፣ ሳይጠሩት ኮሌጅ ገባ ማለት ነው ብዬ እስከሚታጠፍ እጄን አውለበለብኩ። አባቴ እጁን አላነሣም። የዚያን ሰሞን በግድግዳው በኩል እናቴን "ምን በደልኩት?" ሲላት ሰማሁ። ደጋግሞ ነው የሚላት። አብሮት የሚበላ ሰው አጥቶ ነው ብዬ፣ ምሳ ላይ ወደሱ ጠጋ ማለት ጀመርኩ።

አባቴ የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሱቁ አሁን የኔ ነው። ያን ነገር ስንት ዓመቴ ላይ በትክክል እንደተረዳሁት አላውቅም፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ቃል በቃል ነው የመጣው። መጀመሪያ "ቦርድ"፣ ቀጥሎ "በመቶ"፣ በመጨረሻ "ተጠባባቂ"። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለአባቴ ልነግረው ያሰብኩ ጊዜ ደግሞ የስኳር በሽታው ዓይኑን ይዞት፣ ሰው በድምፅ ብቻ የሚለይበት ጊዜ ነበር፤ ድምፄን እንዳይጠላው ፈራሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሱሉልታ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ሲሚንቶ አደረስኩ። በሩን የከፈተው ዘበኛ በግራ እጁ ነበር የከፈተው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሹፌሬ ሲያራግፍ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።

"አሥራት፣ ኑሃ ነኝ። የአህመድ ልጅ።"

"አወቅሁሽ" አለ። "መኪናው ላይ ስሙ ተጽፏል።"

በርጩማውን ለቀቀልኝ፤ እሱ ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን፣ ስለ ብረት ዋጋ። በመንገዱ ማዶ ሯጮች ያልፋሉ። ከዚያ፣ ትላንት የተቋረጠ ወሬ እንደሚቀጥል ሰው፣

"ማን ነበር ያዘዘሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

"የስምንት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳያዛት?"

ነገርኩት። ቲቸር ዱባለን፣ ጠመኔውን፣ አርባ በመቶውን፣ ባይጠሩኝ ያለኝን፣ ተራ መተላለፍ ለኔ ምን እንደነበር። ሳልዘል ነገርኩት። የሚያስቅ ቦታም ነበረው፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

"አህመድ አያውቅም?"

"ሚስማር ጠቅልሎ ሸጠው። አላየውም።"

"ኋላስ?"

"አልነገርኩትም። ሳያውቅ ነው የሞተው።"

ጉቶ ክንዱን በግራ እጁ ያዘው፤ እንደሚያመው ሰው። "እንድሄድበት ስላልፈለገ መስሎኝ ነበር" አለ። "የወንድሙ ቦታ ላይ አስቀምጦኝ ነበረ። ልጁን ልኮ ያስፈረመ መሰለኝ። ያበላኝን ሰው ቀበሌ ፊት ከማቆም ብዬ ዋጥኩት። ውጬ ደግሞ ፊቱን ማየት አቃተኝ።"

ሲሚንቶ የጫነ ሌላ መኪና በሩ ላይ ጥሩንባ ነፋ። ተነሥቶ ሄደ፣ መቀርቀሪያውን ሳበ፣ የሹፌሩን ወረቀት አየ፣ አስገባው፣ ዘጋው። ሥራውን ሳያጓድል ጨርሶ ተመለሰ። አልተቀመጠም።

"ሲሞት ሰምቼ ነበር" አለኝ። "እሑድ ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ ለቀብሩ ግን አልመጣሁም።"